የካፒቴን ዘርፌ ጉልበት

አብራሪና አውሮፕላን በነርቭ እንዲገናኙ ከታዘዘ ወዲህ፣ ባለቤቴ ካፒቴን ዘርፌ የአውሮፕላኗን ሕመም ቤት ድረስ ይዛ ትመጣለች። ሰሞኑን የአውሮፕላኗ የግራ ማረፊያ እግር እየተጠገነ መልሶ ስለሚበላሽ፣ ዘርፌ የቤታችንን ደረጃ የምትወጣው በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው።

ጠዋት የጥገናው ኃላፊ ደወለ። «ካፒቴን፣ ሠርተናታል። ኮምፒውተሩም ደህና ናት ብሏል። የጎዴ መንገደኞች እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ጉልበት የለውም» አለችው፣ ግራ ጉልበቷን እያሸች። «ሰው አልጭንባትም። እንደገና ፍቱት።»

«ኧረ ዘርፌ፣ ከሥራ ያባርሩሻል!» አልኳት። «ይልቅ ከእሷ ጋር የሚያገናኝሽን የነርቭ ሽቦ አስነቅይና ተገላገይ።»

«እኔ ስገላገል መንገደኛው ምን ይሁን?»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደወለ። ብረቱ ከውስጥ ተሰንጥቆ ተገኝቷል፤ ለውጠውታል።

ዘርፌ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጃችን ኤልዳና «እሽኮኮ!» እያለች ወደ እሷ ሮጠች። እናቷ ብድግ አደረገቻትና ወዲያው ከቀኝ ክንዷ ወደ ግራ አዛወረቻት። ፊቷ ግን ሳቅ እንዳለ ነው። «ከብደሽ የለም እንዴ፣ አንቺ!»

ስልኩን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁና ለኃላፊው ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ ቀኝ ክንፏን እዩልን።»