ከኮዱ አናት ላይ ያለው ስም

አቶ ስለሺ ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መሰረዣ ቁልፍ ላይ ሲያሳርፉ ናሆም ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ። አቶ ስለሺ ራሳቸው የፈጠሩት የመረጃ ምስጢር መቆለፊያ ፕሮግራም ተሰብሮ የአንድ ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ አደባባይ ወጥቶባቸው ነበር፤ ስለዚህ ዊንጌት ያለችው የናሆም ጠባብ ቢሮ ድረስ መጥተው፣ እሱ ለማንም በነጻ የለቀቀውን የመቆለፊያ ኮድ ገለበጡ። የቀራቸው ከአናቱ ላይ ስሙን ማጥፋት ነበር። ከሥራ ሳያባርሩት በፊት የሠራላቸውንም ሁሉ እንደዚሁ አድርገውታል።

«እሱን አይንኩት፣ ጋሼ» አለ። «ኮዱን የለቀቅኩበት የአጠቃቀም ፈቃድ የሚጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው። የሠሪው ስም ከፕሮግራሙ ጋር ክሊኒኩ ድረስ ይሄዳል።»

«እንዴ፣ ያባረርኩት ልጅ አዳነኝ ልበላቸው?»

ናሆም ከስሙ ሥር የተጻፈውን ፈቃድ በጣቱ አመለከተ። አቶ ስለሺ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ።

«አሁንም ቂም ይዘሃል ማለት ነው?»

«አዎ» አለ አንገቱን እንደደፋ፤ «በነጻ የለቀቅኩትም ለዚሁ ነው፤ የሚወስደው ሁሉ ስሜን ይዞ እንዲሄድ።»