ገመዱን ማን ይያዘው

መልአኩ እንደሚያወራው፣ ባለፈው ቅዳሜ መነን ገደሉን ስትወጣ የወደቀችው እሱ ከታች የያዘላት ገመድ በጉሙ ርሶ ከእጁ ስለሾለከ ነው። እሱም ደንግጦ ወዲያው ያዘው፤ ጉልበቷ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነችም። መነን እንደምትለው ደግሞ ገመዱ አልሾለከም። መልአኩ ለቀቀው፣ ሳቀ፣ ከዚያ ያዘው። አብሯቸው የሚወጣው ከፋለ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «እኔ በጉሙ ምክንያት አላየሁም፤ ባላየሁት አልፈርድም» አለ። ነገሩ በዚሁ ታለፈ።

ዛሬም ጉም ነው። መነን እዚያው ገደል ላይ ናት፤ ገመዷን የያዘውም ያው መልአኩ ነው። ሌላ ገመድ የላቸውም። ይህንንም መልአኩ ላሊበላን ያስጎበኘው አንድ ፈረንጅ ነው ለሱ ትቶለት የሄደው። ባለገመዱ «እኔ ልያዝ» ካለ ማን እንቢ ይለዋል?

ገመዱ ከወገቧ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አናቱ ላይ በተተከለው ብረት ዞሮ ወደ መልአኩ ይወርዳል። እሷ ከፍ ባለች ቁጥር እሱ ትርፉን መሳብ አለበት። ሰው ገደል ላይ ሳለ ደግሞ ከታች ያሉት ዝም ይላሉ። ይህን ደንብ ለሁሉም ያስተማራቸው ራሱ መልአኩ ነበር።

ከእግሯ በታች ላስታ የለም። እርከኑ፣ የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከታች የሚታጠፈው መንገድ፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ድንጋዩም እጇን ስታሳርፍበት የሚፈጠር፣ ስታነሳ ተመልሶ ጉም የሚሆን ይመስላል። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን የደወል ድምፅ መጣ፤ ከላይ ይሁን ከታች መለየት አልቻለችም። ለአፍታ የምትወጣ ሳይሆን ወደ ላይ የምትሰምጥ መሰላት። አንድ ጭላት ክንፉን ሳያንቀሳቅስ በአጠገቧ አለፈና ወደ ነጩ ውስጥ ገባ። ማንም ባያናግራት እንዲህ እንደሆነች ውላ ብታድር ደስ ይላት ነበር።

«እሜቴ መነን» አለ የመልአኩ ድምፅ ከጉሙ ስር። «ክፍሉ ተመቸሽ? ቁርስ ወደ ላይ ይላክ?»

መነን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ከታች ከከፋለ ጎን የተቀመጠችው ጓደኛቸው ዓይናዲስ ሳቀች።

«ፎጣ ጎድሎ ከሆነ ንገሪን እንጂ። በኋላ እኛን እንዳትከሺን።»

ቀኝ እጇ ባለፈው የወደቀችበትን ስንጥቅ አገኘ። ከመካከላቸው ከዚህ በላይ እስካሁን የወጣ መልአኩ ብቻ ነው። ገመዱን አየችው፤ ደረቷ ፊት ልል ሆኖ ተንጠልጥሏል።

«ያዝ» አለች።

ገመዱ አልተወጠረም።

«መልአኩ፣ ያዝ።»

«እይዛለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ በይልኝ።»

«ምን?»

«“ባለፈው የወደቅሁት በራሴ ጥፋት ነው” በይ። ጮክ ብለሽ። ከፋለም ይስማ፣ ዓይናዲስም ትስማ። ከዚያ እንደ እንቁላል ነው የምይዝሽ።»

አሁን የሳቀ የለም።

ቃላቱ አፏ ውስጥ ተዘጋጅተው ነበር፤ ቀላል ነበሩ፤ ብትላቸው ጉሙ ይውጣቸዋል፤ ማንም ከኪሱ አውጥቶ ነገ አያሳያትም። አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከስንጥቁ ጎን፣ ድሮ ለመውጣት የመጡ ሰዎች የተከሉት የብረት ቀለበት አለ። ከወገቧ የሚንጠለጠለውን አጭር ጠፍር በግራ እጇ አነሳችና መንጠቆውን ቀለበቱ ውስጥ አስገባችው። ወደ ኋላ ተደገፈች። ጠፍሩ ተሸከማት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ አነሳች።

«ጠፍሬን አስሬያለሁ» አለች። «ከፋለ ገመዱን እስኪይዘው ድረስ እዚሁ ነኝ።»

«ገመዱ የኔ ነው። ጠቅልዬ እሄዳለሁ።»

«ጫፉ እኔ ወገብ ላይ ነው፣ መልአኩ። መጥተህ ፍታው።»

ዓይናዲስን ሳል የመሰለ ነገር አመለጣት።

«ከፋለ» አለ መልአኩ። ቀልዱ ከድምፁ ወጥቷል። «ይህን ገመድ ከእጄ ከተቀበልክ፣ ከዛሬ በኋላ አታዩትም። አንተም፣ እሷም፣ ይቺም የምትስቀዋ። አስበህ።»

መነን ጉንጯን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ገደሉ ከነሷ ከመሬት ተላቅቆ በጉሙ ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ መሰላት። ከፋለን ታውቀዋለች፤ ለማንኛውም ነገር ጊዜ ይፈልጋል። ጉሙ እስኪገፈፍ እንጠብቅ ይላል ብላ አሰበች። ቢልም ትጠብቃለች።

«ባለፈው አላየሁም» አለ ከፋለ በመጨረሻ። «አሁን ግን ሰማሁ። አምጣው።»

«ሰምተሃል አይደል ያልኩህን?»

«ሰማሁ አልኩህ እኮ። አምጣ።»

ብረት ከብረት ሲነካካ ተሰማ። ገመዱ ለጥቂት ጊዜ ሞቶ ቆየ። ከዚያ ደረቷ ፊት የተንጠለጠለው ልል ስንዝር በስንዝር ወደ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይነጥቅ። ወገቧን በስሱ ሳብ አደረጋትና ቆመ።

«መነን፣ ይዤሻለሁ» አለ ከፋለ። «ከዛሬ በኋላ ገመድ የለንም። ላውርድሽ?»

መንጠቆዋን ከቀለበቱ አወጣች።

«አልወርድም» አለች ወደ ነጩ። «ወደ ላይ ነው የምሄደው።»