መርፌ የጠላችው መጽሐፍ

አሳታሚው ድርጅት የልጆች መጽሐፍ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለልጆች ያስነብባል። የጸሐፊው ስም ከላዩ ላይ ይነሣል። አራት ልጆች አራት ቅጂ ወስደው ያነባሉ፤ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት በስብሰባ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። በመጨረሻ የወደደ ቅጂውን ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣል፣ የጠላ ይደፋዋል። ከአራቱ ሦስቱ ካልወደዱት አይታተምም።

የዛሬው ረቂቅ ግን የሚነሣ ስም አልነበረውም። ካለፈው ስብሰባ በኋላ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተትቶ ተገኘ። ያነበበችው አርታኢዋ ነበረች፤ ለልጆቹ ይሰጥ ብላ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተሟገተችውም እሷው ናት።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት በበሩ ብቅ አለ።

“ስም የሌለው ጽሑፍ ከሰማይ አይወርድም” አላት። “ያንቺ እንዳይሆን ብቻ።”

አርታኢዋ ፊቷ ቀላ። ቀና ብላ አላየችውም።

“ለማንኛውም ዛሬ ከወደቀ ወደ ቅርጫት ነው። ሁለተኛ ዕድል የለም” ብሎ ሄደ።

ልጆቹ መጡ። እንደ ትልቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚናገር “ሽማግሌው” የሚሉት ልጅ፣ በሆነ ባልሆነው የምትስቀው ሳቂታ፣ በትንሽ በትልቁ ቡጢ የሚጨብጠው ቦክሰኛ። መጨረሻ የገባችው አንደበቷ የሚወጋው መርፌ ናት። እሷን ማንም አይወዳትም። ባለፈው ጊዜ ያመሰገነችውን መጽሐፍ ሦስቱም ደፍተውት ነበር፤ ለምን ሲባሉ ግን አጥጋቢ መልስ የነበረው የለም።

“እሺ፣ ማን ይጀምር?” አለች አርታኢዋ።

“ምንም አይል” አለ ሽማግሌው እያዛጋ። “ክፉም አይደል፣ ደግም አይደል።”

“እኔን ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ” ብላ ሳቂታ ሳቀች።

ቦክሰኛ ከንፈሩን ገለበጠ። አርታኢዋ እስክሪብቶዋን አጥብቃ ያዘች።

“ምን ታሽሞነሙኑታላችሁ?” አለች መርፌ። ቅጂዋ ፊቷ ተቀምጧል፤ አንድም ገጹ አልታጠፈም። “ይሄ ቆሻሻ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በተሸነቆረ ጀልባ አባታቸውን ፍለጋ ወንዝ ይወርዳሉ። ቀዳዳውን በምን ደፈኑት? በሸሚዝ! ሸሚዝ ውኃ ያቆማል?”

“በሰም ነክረውት እኮ ነው” አለ ሽማግሌው። ማዛጋቱን ትቷል። “ሻማ አቅልጠው። አላየሽም?”

“አዞውስ? ልጁን ካየው በኋላ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ቀጠሮ አላቸው?”

ቦክሰኛ ጠረጴዛውን መታ። “ጠግቦ ነዋ! ፍየሏን በልቶ የለ? የጠገበ አዞ ምን ቸገረው? አንቺ ብትሆኚ ግን ጠግበሽም ትነክሻለሽ።”

ሳቂታ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች።

መርፌ አልሳቀችም። “እኔ ውሻቸው ሲሞት እንኳ እንባዬ ጠብ አላለም።”

የሳቂታ ሳቅ ተቋረጠ።

“የምን ውሻ?” አለች ሳቂታ።

“ውሻቸው ነዋ።”

“ውሻ የላቸውም!” ቦክሰኛ ከመቀመጫው ዘለለ። “አላነበበችውም! ቅጂዋን እዩት፣ ገና ከማተሚያው እንደወጣ ነው። እትዬ፣ ሳታነብ ነው የምትሳደበው!”

“ከሌላ ጋር ተምታቶብኝ ነው።” የመርፌ ድምፅ አንድ አፍታ ቀጠነ፤ ወዲያው ተመለሰ። “ቢሆንስ? ወጡ ማረሩን ለማወቅ ሙሉውን መብላት አለብኝ? ይሄን የጻፈው ሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከቤቱም የሚወጣ አይመስለኝም። ስሙን መጻፍ እንኳ ፈርቷል። ፈሪ ስለ ጀግና ምን ያውቃል?”

የአርታኢዋ እስክሪብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል ልጆቹ ተያዩ።

“እሷ ናት የጻፈችው” አለች ሳቂታ በሽማግሌው ጆሮ። “ዓይኗን አላየኸውም?”

ቦክሰኛ ግን ሹክሹክታ አያውቅበትም። “ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል?” ብሎ መርፌ ላይ ጮኸ። “አሳዳጊ የበደለሽ!”

“አሳዳጊዬን አትንካ!” አለች መርፌ። የሆነ ነገር ልትጨምር ነበር፤ ተወችው።

“በቃ፣ በቃ” አለች አርታኢዋ።

“አይበቃም፣ እትዬ” አለች ሳቂታ። አሁን አትስቅም። “እንቅልፍ ወሰደኝ ያልኩት ውሸቴን ነው። ወንድማማቾቹ ገደሉ ሥር ሲለያዩ አልቅሻለሁ። ታናሽየው ‘ወደ ኋላ እንዳታየኝ፣ ካየኸኝ አትሄድም’ ሲለው። ትስቁብኛላችሁ ብዬ ነው።”

“እኔም እዚያ ጋ…” አለ ሽማግሌው፤ ጉሮሮውን ጠረገ። “ጥሩ ነው እዚያ ጋ።”

“አልቃሻ ሁሉ!” አለች መርፌ። “ጅል ካልሆናችሁ ትደፉታላችሁ።” ቅጂዋን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ ደፋችው።

ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን እያየ የራሱን ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠ። ሳቂታም እንዲሁ። ቦክሰኛ ለጥቂት ጊዜ አንዴ አርታኢዋን፣ አንዴ መርፌን አየ። ከዚያ ቅጂውን ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጎ መርፌ አፍንጫ ድረስ ገፋው።

“ይኸው፣ ብይው!” አላት።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። “እንግዲህ ይታተማል” አለ። “ባለቤቱ ደግሞ ራሱን ይግለጥ።” አርታኢዋን ትክ ብሎ አያት።

“እኔ አይደለሁም” አለች ቀስ ብላ። ያመናት የለም።

ሦስቱ ልጆች መርፌን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከተሏት። “ተሸነፍሽ! ውሻሽን ፈልጊ!” ይሏታል። እሷ ዞራም አላየቻቸው። እርምጃዋን አፈጠነች፤ ከእይታቸው ስትሰወር ሮጠች።

የመርፌ እናት ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። በሩ ሲከፈት ካውያውን አቆመች፤ ግን ቀና ለማለት አልደፈረችም።

“መጽሐፍሽን ወደዱልሽ፣ እማዬ” አለቻት መርፌ።