የጣውንቷ ድንጋይ

አሶሳ የአዲሱ ክልል ከተማ ተብላ ቢሮዎች በየቆርቆሮ ቤቱ ሲከፈቱ፣ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ያለው ሰው ነጋዴው ሐምዳን ብቻ ነበር። ባሕሩ የመስታወት ገንዳ ነው። ውሃው ከፖርት ሱዳን በኩርሙክ በኩል በበርሜል ተጭኖ መጥቷል፤ ውስጡ መርጃን ተደርድሯል። መርጃን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ሲከፋው ደግሞ ነጥቶ ይሞታል።

ሹማምንቱ እየመጡ ያደንቁለታል፤ እሱም ሹመት ይጠብቃል። ለእንግዳ ማር ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚባለውን ሚስቱ ነዕማ በጎድኗ ታውቀዋለች።

ገንዳውን የምትንከባከበው እሷ ናት። የተነነውን ውሃ አፍልታ ባቀዘቀዘችው ትተካለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች፣ ጄኔሬተሩ ቆሞ ፓምፑ ዝም ካለ ውሃውን በጣሳ እየቀዳች መልሳ ታንቆረቁረዋለች፤ አየር እንዲያገኝ። አንድ ትንሽ መርጃን የነጣ ዕለት ሐምዳን በናፍጣ ቱቦ ገረፋት።

«ቀዩ ከነጣ ግን» አላት የገንዳውን ጌጥ፣ ትልቁን ቀይ መርጃን እያሳያት፣ «አብሬ ነው የምቀብርሽ።»

ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ነዕማ አመነችው።

በዚህ መሃል ከኩርሙክ ስጦታ መጣ። የላከችው ኡምኩልሱም ናት፤ ሐምዳን ፖርት ሱዳን ሳለ አግብቶ የፈታት የፊተኛ ሚስቱ። ስጦታው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ሕያው አበቦች የወረሱት ቡናማ ድንጋይ ነበር። አብሮት የላስቲክ ጓንት አለ።

«ጓንቱ ለአዲሷ ሙሽራ ነው፤ ጨው እጇን እንዳይበላት ብላለች» አለች ዕቃውን ያመጣችው ነጋዴ ሰዕዲያ።

ሐምዳን ከት ብሎ ሳቀ። «ጣውንት ለጣውንት ስትራራ ዛሬ አየሁ፣ ወላሂ።»

ሰዕዲያ ስትወጣ በሩ ላይ ለነዕማ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። የነዕማ ፊት አመድ መሰለ። ሴትዮዋን ሻይ እንኳ ሳትላት አሰናበተቻት። ያየ ጎረቤት ሁሉ ጣውንቲቱ ስድብ ልካባት ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ ገንዳው አላማረበትም። ቡናማው ድንጋይ ይፋፋል፤ አበቦቹ ወደ ሌሎቹ ይሳባሉ፤ የደረሱበት መርጃን ይነጣል። ነዕማ ጓንቷን አጥልቃ ትፍቀዋለች። ሐምዳን እጁን ሊሰድ ሲል «ተው፣ የኔ ሥራ ነው» እያለች ትቀድመዋለች።

ጎረቤቷ ብርሃነሽ ነገሩ ቶሎ ነው የገባት። «ጣውንትሽ በድንጋይ ልታስገድልሽ ነው፣ ነዕማ። አውጥተሽ ጣይው።»

«እሱ ወዶታል። እንዴት አድርጌ?»

ሌላ መርጃን ነጣ። ሐምዳን የነዕማን ቀኝ ክንድ በገንዳው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ሰበረው። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃ አሰረላት።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ ቀዩ መርጃን ከሥሩ መንጣት ጀመረ። ሐምዳን መጀመሪያ የያዘው ጄኔሬተሩን የሚያስነሳውን ዘበኛ ጃለታን ነው።

«ሞተር ማነው ያጠፋው? አንተ ነህ?»

«ናፍጣ አልቆ ነው፣ ጋሼ። ትናንት ነግሬዎት...»

አላስጨረሰውም። አፉን በቡጢ ደረገመው። ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጥቶ ፊቱን ደግሞ ደጋግሞ መታው፤ ጥርሱን አረገፈለት። ጎረቤት አጥር ጥሶ ገብቶ የሚያቃስተውን ሰውዬ ጎትቶ አወጣው።

ሐምዳን ወደ ሳሎን ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። የጣቶቹ አንጓ በጃለታ ጥርስ ተሸነታትሮ ደሙ ይንጠባጠባል። ነዕማ ገንዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ክንዷ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። መሸሻ የላትም። ፈርታለች።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«አልሞተም» አለችው። «የነጣው ሥሩ ብቻ ነው። ያ ቡናማ አፍኖት እኮ ነው። አሁን ተፍቆ ቢነሳለት ይድናል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«በዚህ እጄ?»

ክንዷን አየ፤ ቀዩን አየ። እናቷን ሰደበና ከወገቡ ቢላዋ መዘዘ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ ብብቱ ነከረው። ቡናማውን ፋቀው፤ ቢላዋው ያልደረሰበትን አበባ በጣቱ እየጨመቀ ነቀለው። ውሃው በደሙ ደፈረሰ። ነዕማ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

«ከታችም አለ» አለችው።

የታችኛውንም ነቀለ። ሲጨርስ ቀበቶውን ፈትቶ ወደ እሷ ዞረ። ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ የታሰረውን ክንዷን መታት። ወድቃም አልተዋትም። በኋላ ግን እጁ ከበደው። «አፌ ብረት ብረት አለኝ» ብሎ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ ደረቱን ያዘ። የተጠራው የጤና ረዳት ንዴት ልቡን መቶት ነው አለ። ሐምዳን በማግስቱ ለዙህር ሶላት አልደረሰም።

ለቅሶው ሳይነሳ ኡምኩልሱም ከኩርሙክ መጣች። ጠብ የጠበቀችው ብርሃነሽ ከነዕማ ፊት ልትቆም ብድግ አለች። እንግዳዋ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ቆቡ ላይ የድሮ ስፌት ጠባሳ አለ። ማንንም ሳታናግር ወደ ገንዳው ሄዳ ተፍቆ የተራቆተውን ድንጋይ ቆማ አየችው። ከዚያ ነዕማ አጠገብ ተቀመጠችና የታሰረ ክንዷን ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«ምነው እንዲህ ዘገየሽ፣ እህቴ?» አለቻት በጆሮዋ። «የአበቦቹ መርዝ በቁስል እንደሚገባ ሰዕዲያ ነግራሽ የለ? እኔ እኮ ድንጋዩን የላክሁልሽ፣ ክንድሽን ሳይሰብርሽ ትገላግይናለሽ ብዬ ነበር።»