የእንቁላል ቅርፊት

የአፈር ባለሙያዋ መሰርሰሪያውን ከመሬት ነቅላ ጫፉን ትኩር ብላ አየች። ከዓመታት በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ ተንዶ እናቷን ከነቤቷ የዋጠው ተዳፋት እስከዛሬ ከጠጠር ሌላ አሳይቷት አያውቅም፤ ሁለቴ የተተከለው ችግኝም ደርቆ ቀርቷል። አሁን ግን የመሰርሰሪያው ጫፍ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ይዞ ወጣ፤ አፈሩ ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት ነበር።

«ጓሯችን ነው» አለ ችግኝ የተሸከመው ታላቅ ወንድሟ፣ ፊቱን እያዞረ። «ተይው፣ ሌላ ቦታ እንሞክር።»

«ንቅንቅ አልልም! እማዬ ልጣጩንም አመዱንም እዚህ ስትደፋ ‹ጓሮውን አቆሸሽሽው› እያልክ ስትነዘንዛት አልነበር? በል፣ እየው።» አፈሩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

አፈሩን እንደጨበጠ ችግኙን አስቀመጠ። ከዚያ ተንበረከከና ጠጠሩን በእጁ ይጠርግ ጀመር።

«ጉድጓዱን አስፊው እንጂ» አላት፤ «በየቀኑ እኮ ነው ስትደፋ የኖረችው።»