መሃል ሳሎን የቆመው ግንድ

እናትየዋ ጆይስቲኩን ጨብጣ በቪዲዮ ጌሙ መጥረቢያ እዚያው ጌሙ ውስጥ ያለውን ቤት የሳሎን ወለል መሃል ለመሃል ስትሰብረው፣ ልጇ ከሶፋው ዘላ ተነሳች።

"እማዬ፣ አበድሽ እንዴ! አባዬ የሠራውን?"

ቤቱን ጌሙ ውስጥ መሥራት የጀመረው አባትየው ነበር፤ ሳይጨርሰው ሞተ። እናትና ልጅ ሊጨርሱት ሲሞክሩ ምሰሶውን ሁሌ ወለሉ ላይ ስለሚያቆሙት፣ ጣራው በሞከሩት ቁጥር ይናድባቸው ነበር።

"ራሱ ደጋፊ የሚሻ ወለል ምን ሊሸከም?" አለችና እናትየዋ ረጅሙን ግንድ በቀዳዳው አውርዳ ከሥር ያለው ዓለት ላይ ተከለችው። የመጨረሻውን የጣራ እንጨት ስታሳርፍ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። የለመዱት የስንጥቃት ድምፅ አልመጣም።

"ቆመ! እማዬ፣ ቆመ!" ልጅቷ የእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "ግን መሃል ሳሎን ግንድ ገትረሽ፣ አባዬ ቢያይሽ ይስቅብሽ ነበር።"

"ይሳቅ" አለች እናትየዋ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ። "አሁን ፎቅ እንጨምርበት።"