ድዳው ቆርቆሮ

የወይዘሮ አልጣሽ ጓዳ ወሬኛ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ቆርቆሮው ራሱ «ሽሮ ነኝ»፣ «ጨው ነኝ» ይላል፤ ምን እንደሚበሉ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። ታዲያ ስም ለመጻፍ ማን ይቸገራል? በእጁ የሚጽፍ ሰው ከሰፈሩ ከጠፋ ቆይቷል። በቃሉ የተባለው ወንድ ልጃቸው ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም በዚሁ ነው። ሰው በሞተበት የመጋዘን ቃጠሎ፣ አጥሩ ላይ «ይነዳል» የሚል የእጅ ጽሑፍ ተገኘ፤ መጻፍ የሚችለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው ተባለ። ነገ ይግባኙ ይሰማል። ጠበቃው «ሌላ የሚጽፍ ሰው ካገኛችሁ ይፈታል» ብሏል።

ወይዘሮ አልጣሽ ለወጡ ኮረሪማ ሲፈልጉ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ርካሽ፣ የማይናገር ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑ ላይ በከሰል «ኮረሪማ» ተብሎ ተጽፏል።

«ስንቅነሽ፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

«በቃሉ ነዋ፣ እማ! ከሱ ሌላ ማን ይችላል?» አለች ልጃቸው ወጡን እያማሰለች።

«ቆርቆሮውን እኮ የገዛሁት እሱ ከታሰረ በኋላ ነው።»

ማማሰያው ቆመ። ወጡ ማረር ጀመረ።

«አጥሩ ላይ የተጻፈውም ያንቺ ሥራ መሆኑን ወንድምሽ ያውቃል?»

«መጻፍ ያስተማረኝ እሱ አይደል? ጽሑፉን እንዳየ አውቆታል» አለች ስንቅነሽ።

ወይዘሮ አልጣሽ ቆርቆሮውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ያሏቸው ልጆች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ከዚያ ስፖንጁን አርጥበው ሰጧት።

«አጥፊው» አሏት። «ነገ ግን ችሎት ስንገባ፣ ከወንድምሽ ፊት ለፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»